በፊደል ሂሳብ

ኮምቦልቻ ነው ሱቄ፣ ከመናኸሪያው ጥግ ካለው በር፤
ስም እጽፋለሁ በቆርቆሮ፣ አንዱን ፊደል በአርባ ብር።

የውሃ ፋብሪካው ሰው መጣ፣ መኪናውን ሳያጠፋ፤
«ሰሌዳ ፈለግን» አለኝ፣ «ሦስት ሜትር የሚሰፋ።
ስማችን ከላይ በወርቅማ፣ የአለቃችን ከሥሩ፤
‹ለወገን ካለን ፍቅር› በል፤ ስልክም ጨምር፣ ሙሉ ቁጥሩ።»

ቆጠርኩት፤ መቶ አሥራ ሁለት። ደስ አለኝ፣ ምን እላለሁ፤
የወር ኪራዬን ሸፈነ፣ ዕዳዬንም ከፍያለሁ።

ሰሌዳውን ላቆም ሄድኩ፣ ከኩታበር ወዲያ ማዶ፤
የቦኖው አንገት ታስሯል፣ በቀይ ሪባን ተገምዶ።
እትዬ ጦይባን ጀሪካን አስያዟት፣ «ፈገግ በይ» አሏት ሦስቴ፤
ውሃው ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ «አልያዘልኝም! አንዴ እንደገና፣ እናቴ!»
አለቃው ተናግሮ ተናግሮ፣ በመጨረሻ ውሃ ጠማው፤
የታሸገ ከመኪና አመጡለት፤
ክዳኑ ቀጭ ሲል፣ ቦኖው ከጎኑ ቆሞ ሰማው።

ውሃው ግን ውሃ ነበር፣ ይህን እኔ አልክድም፤
ከዚያ ወዲህ በንጋት ገደሉን ማንም አይወርድም።

በአራተኛው ወር የቦኖው ቫልቭ ተበልቶ ውሃው ነጠፈ፤
ጦይባ በልጇ አስደወለች፣ እኔ በጻፍኩት ቁጥር፤
አንድ ለስላሳ ድምፅ «በቀጣዩ በጀት» ብሎ አለፈ።

ቅሬው ተጠራ። ዳኛው አሊጋዝ መሬቱን በዱላ ጫረ፤
በየቤቱ አምስት ብር፤ የሌለው እንቁላል ቆጠረ።
እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ለከፈን ለግንዘት የሚያዋጣው፤
ሙህዬ ደሴ ወርዶ ቫልቩን በኪሱ አመጣው።
ዋጋውን ጠየቅሁት።
የዘጠኝ ፊደል ነው።

ማንም ሳይጠራኝ፣ የተረፈ ቀለም ይዤ መጣሁ፤
«የቅሬውንም ስም ልጻፍ፣ በነፃ» ብዬ መሰላል ላይ ወጣሁ።
እትዬ ጦይባ ሳቀች፣ ጀሪካኗ እስኪሞላ፤
«አብሽር ልጄ፣ ውረድ። በእኛ መዝገብ ስሙ የሚጻፍ
ያልከፈለ ሰው ነው እንጂ ሌላ?»

ወረድኩ።
ብሩሹን በሣር ጠረግሁ።
ቀና ብዬ የራሴን ጽሑፍ አነበብኩ፤
መቶ አሥራ ሁለት ፊደል፣
አንዱም አልደበዘዘ።