የሌንስ ጨርቅ

መስከረም ሲጋመስ፣ ከኮቼቪዬ ዳር፣
ወንዱ አጋዘን ያገሳል ሴት ፍለጋ ሲዞር፤
ማቴውዥ አዳኙ ካሜራዬን አንሥቶ
ስለ ሌንስ አልጠየቀም፤ ማንገቻውን አሽትቶ
«ሰው ሰው ይላል» አለኝ፣ «ከእግሩ እስከ አናቱ።
ዓይንሽን አይደለም አጋዘን መፍራቱ፤
ገና ሦስት መቶ ሜትር ሲቀርሽ ለመድረስ
ወሬሽን ጨርሶ ያወራዋል ነፋስ።»

ስለዚህ ማጠብ ጀመርኩ።

ሽታ አልባ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውኃ ይዤ፣
ከጓሮው ቧንቧ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ደንዝዤ፣
የትራይፖዱን እግር ከነብሎኑ ፈታሁ፤
የአምናን ላብ ከጎማው በጥርስ ብሩሽ አወጣሁ።
ማንገቻው ቆዳ ነው፣ ያንገቴን ወዝ ጠጥቷል፤
ፈትቼ ጣልኩት፤ በምትኩ የናይለን ገመድ ገብቷል።
የዓይን ማሳረፊያው ጎማ ግን አስቸገረ፤
ስንት ቅንድብ፣ ስንት እንባ እላዩ ላይ አደረ፤
በሶዳ ዱቄት ውስጥ ሌሊቱን ተቀበረ።

የማይኩ ጸጉራም ኮፍያ፣ የነፋስ መከላከያ፣
የሦስት ዓመት ትንፋሽ፣ የሲጋራ ማደሪያ፣
ታጥቦ ተሰጣ ውጭ፤ ጎረቤት አየችና
«የማን ድመት ነው?» አለች እጇን ባፏ ላይ ጭና።

ባትሪውን ሳይቀር በጓንት ነበር የነካሁ፤
ቅጠል ቀጥቅጬ ሳጥኑን የጥድ ውኃ ረጨሁ።
ሁሉን ከትቼ በላዩ ክዳኑን ገጠምኩና
ራሴንም አጠብኩ፣ በዚያው በእሱ ሳሙና።

ማታ ኔዣ ሮጣ አንገቴ ሥር ገባች።
አራት ዓመቷ ነው። አሸተተች። ቆየች።
ደግማ አሸተተች፣
ጸጉሬን በትና፣ መዳፌን ገልጣ፤
ከዚያ ቀና አለችና
«እማ፣ የለሽም» አለች።

ሳቅሁ።
እሷ ግን ያን ሌሊት የተኛችው ፊቷን አዙራ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ማማው ላይ ነበርን፤
ጉሙ ከታች ተኝቶ፣ እኛ ዝም ብለን።
ማቴውዥ ዱቄት ቆንጥሮ ላየሩ ለቀቀ፤
ዱቄቱ ወደ ኋላ፣ ወደ መንደር ዘለቀ፤
በዓይኑ «ጥሩ» አለኝና ጠብመንጃውን አጠበቀ።

ወጣ።
ቀንዱ ላይ ሣር አንጠልጥሎ፣ አንገቱ ጭቃ ለብሶ፣
ትንፋሹ በብርዱ ውስጥ እንደ ድስት ጨሶ፣
ሰማንያ እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ሌንሴን ጤዛ ሸፈነው።
ቀረጻውን ሳላቆም ከኪሴ ጨርቅ ሳብኩ፤
አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በስሱ ወለወልኩ።
ነፋሱም ያኔ ዞረ።

አፍንጫው ተከፈተ። ራሱን ቀና አደረገ፤
ቀጥ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በጥዶቹ ተሸሸገ።

ማቴውዥ ጣቱን ከቃታው ቀስ ብሎ አወረደ።
ከማማው ሥር ዕቃዬን እያሸተተ ሄደ፤
ትራይፖዱን፣ ጎማውን፣ ገመዱን፣ ኮፍያውን።
ጨርቁ ላይ ሲደርስ ቆመ።
ከኔዣ የጨቅላ ሸሚዝ የቀደድኩት ብጫቂ ነው፤
ለሌንስ እንደሱ ያለ ለስላሳ የት ይገኛል?
«ወተት ይላል» አለ። «ወተትና እንቅልፍ።
ይሄን አላጠብሽም።»
«ረሳሁት» አልኩ።
እንዳመነኝ ሆኖ፣ አጥፎ መለሰልኝ።

እሑድ ዕለት ቀረጻውን ከኔዣ ጋር አየን።
ያ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ፣ አፍንጫው እርጥብ፣ ክፍት፣
ከሰማንያ እርምጃ እሷን ሲያሸታት።
ጣቷን አፍንጫው ላይ አሳረፈች፤ መስታወቱ ቀዝቃዛ ነው።
«እሱስ ምን ምን ይላል?» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ከኋላው ዞሬያለሁ፣
በጉም፣ በበረዶ፣ ጠረኔን እያጠብኩ።
«አላውቅም» አልኳት።