ዘገየ

ፔጆዬ ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፣
ዕድሜዋን አትደብቅም፣ ዳገት ላይ ታስላለች።
አባቴ ገዝቷት፣ አጎቴ ነድቷት፣ እኔ ወርሻት፣
በየሳምንቱ አምባ ጊዮርጊስ እወጣለሁ፣ መነጽር ጭኜባት።
ለቅርብ ማንበቢያ፣ ለሩቅ ማያ፣ ለፀሐይ፣ ለአቧራ፤
የሰው ዐይን ላበራ ስሮጥ፣
በራሴ መስታወት አይታየኝም ተራራ።

ግንቦት ሲገባደድ፣ ሰማዩ ከወደ ደምቢያ ሲጠቁር፣
ይዣት ወረድኩ አዘዞ፣ ወደ ጋሽ ዘገየ በር።

«ስሙም ዘገየ፣ ሥራውም ዘገየ» ይላሉ ሹፌሮች፣
ሻይ አዘው፣ ጠብቀው፣ ደግሞ ሻይ አዘው፣ የሰለቻቸው ጎረምሶች።
እሱ አይሰማም። ወይ ሰምቶ አይመልስ።
የሚሰማው ሌላ ነው፤ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ጥሎ፣ ሞተር ሲተነፍስ።

«ክላክሱ ይጠንክር» አልኩት ገና ስደርስ፣ «ላሙም ጋሪውም ከሩቅ እንዲሰማ።»
«ክላክስ ለሠርግ ነው» አለኝ፤ «ጭጋግ ጆሮ የለውም፤ መጀመሪያ ጎማ።»

ከኪሱ የድሮ አሥር ሳንቲም አወጣና፣
በጎማው ጥርስ መሃል ሰካው፣ አንበሳውን ዘቅዝቆ፣ ጎንበስ አለና፣
«ነይ እዪ፤ ጎፈሩ ቢዋጥ ደግ ነበር።
ይኸው ግንባሩ፣ ይኸው ዐይኑ። በዚህ ነው ቆሶዬን የምትወጪው? በእግዜር!»

አንበሳው አየኝ። አፈርኩ።
የሁለት ወር ትርፌን ለአራት ጎማ ከፈልኩ።

ከዚያ ፍሬኑን ፈታ። ታምቡሩን ከፍቶ ሸራውን በጥፍሩ ዳሰሰ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ እጁ ላይ ፈረሰ።
«በዚህ ፍሬን» አለ፣ «ወለቃ ቁልቁለት ላይ...»
አልጨረሰውም። ምራቁን ዋጠ፣ አንዴ አየ ወደ ሰማይ።

ኋላ ነው የሰማሁት፣ ከረዳቱ ከአበጀ፣
ሊማሊሞ ላይ ወንድሙን፣ ከነአይሱዙው፣ አንድ ጭጋግ እንደ ፈጀ።

የዝናብ መጥረጊያው ደርቆ ነበር፣ የሚቧጭር እንጂ የማይጠርግ፤
ቀየረው። የመብራቱን ዝገት ፋቀ፣ በሰባራ ቢላ፣ ጥግ ለጥግ።
በአሮጌ ካላማዳሪ የበሩን ዙሪያ ለበጠው፣ ውሃ እንዳያስገባ
(ክረምት ክረምት ጉልበቴ ላይ ላስቲክ እደርብ ነበር፣ ጫማዬ ውስጥ ዓሣ ሊረባ)።
«መስታወቱን ከውስጥ ሲያልበው በድንች ቁራጭ ጥረጊ» ብሎ መከረኝ፤
ሳቅኩበት። ሞከርኩት። ሠራ። ለምን እንደሚሠራ እሱም አያውቅ፣ ማን ይንገረኝ?

ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየተመላለስኩ ተቆጣሁ፣
በአሥረኛው ቁልፉን አቀበለኝ፤ ሒሳቤን ዘግቼ ወጣሁ።

«ቆዪ» አለኝ። «የሚጠብቀውን ሁሉ አጥብቄያለሁ፤ ብሎን አልቀረኝ።
አንድ ነገር ግን አለ፣ በመፍቻ ያልተቻለኝ።»
«ምን?» አልኩት፤ ልቤ ወደ ቦርሳዬ ወረደ።
«ቀኝ እግርሽ» አለና፣ እጁን በጋዝ ሊታጠብ ሄደ።

ሐምሌ። ቆሶዬ ስደርስ ጭጋጉ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ዋጠ።
መጥረጊያው ይሠራል፣ መብራቱ ይሠራል፤
ግን ለማየትም የሚታይ ያስፈልጋል፤ ዓለም ወተት ውስጥ ሰመጠ።
አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ አልፎኝ በረረ፣
ቀይ መብራቱ ሁለቴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ተሰወረ።

ቀኝ እግሬን በላው። ገበያው ይበተናል፤ ዕዳዬ ብዙ፣ ጊዜዬ ጥቂት።
አነሣሁት።
ከመንገድ ወጣሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። ፍሬቻዬ ብቻ፣ ቀጭ ቀጭ፣ እንደ ሰዓት።
ስንት እንደቆየሁ አላውቅም።
ጭጋግ የሚነሣው ሲፈልግ ነው፤ ሹፌር አይጠይቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ስገባ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ጭቃው ብቻ ቀርቷል፤
መሪጌታ ወንድይፍራው ግን፣ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ከሱቅ ጥግ ቆመዋል።
ለዳዊታቸው መነጽር ያዘዙኝ፣ ከማለዳ የጠበቁ፤
«ምነው ልጄ፣ ማን አቆየሽ?» አሉኝ፤ አልተቆጡ፣ አልሳቁ።

«ዘገየ» አልኳቸው። «ዘገየ ነው እዚህ ያደረሰኝ።»

መነጽሩን ሰክተው፣ ከጎማው እስከ ግንባሬ ቀስ ብለው አነበቡኝ።
«ዘገየ» አሉ፣ ቃሉን እንደ ቅኔ ዘራፊ ሁለቴ አገላብጠው፤
«ዘገየ ይባረክ።»
ገንዘቤን ሰጡኝና ሄዱ፣ ኩሬውን አይተው፣ ዞረው።