አንድ እጅ በረኪና

አፉላ ላይ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣
ከሕንፃችን ጀርባ፣ ከሮማኑ ዛፍ ሥር፣
አንዲት ድንቢጥ አገኘሁ፣ ላባዋ ተነፍቶ፣
ዓይኗ ተጣብቆ፣ አንገቷ ተደፍቶ።
ቀረብኳት፣ አልሸሸች። ነካኋት፣ አልበረረች።
መዳፌ ላይ ሆና ሁለቴ ተነፈሰች።
ሦስተኛውን እስትንፋስ ቆሜ ጠበቅሁ፤
ያን ጊዜ ዞሬ ነው ሳህኑን ያየሁ።

ሱፍ ከገበያ ገዝቼ፣ የሰንበት ዳቦ ፈትፍቼ፣
«ብሉ» ብዬ የጠራሁ እጄን ዘርግቼ፣
ያው እኔው ነኝ ደግሞ ሳህኑን የረሳሁ፣
በኩስ ላይ እህል፣ በሻጋታ ላይ ውሃ ያፈሰስሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ጠርጌ፣
ሰማያዊ ሽርጥ፣ ጓንቴን አድርጌ፣
አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣
አልጋ የወለወልሁ ለሀብታም ለድሃ፣
«በሽታ አይታይም፣ ጨርቁን ለውጪ!» ስል፣
አዲስ የገባችን ልጅ ቆሜ ሳብጠለጥል፤
ቤቴ ደጃፍ ላይ ግን፣ እዚሁ አትክልቴ፣
እንግዶቼን በላቸው የገዛ ቸርነቴ።

ድንቢጧን ቀበርኳት፣ ድመት እንዳያወጣ፣
ክንዴን ያህል ቆፍሬ፣ ላቤ እስኪመጣ።
ሁለት ሳምንት ሙሉ መስፈሬን አቆምሁ፤
«ይራባሉ፣ አባባ» ስትል ኖጋን ሰማሁ።
«ይበተኑ» አልኳት፣ «ለየብቻ ይልቀሙ፤
በአንድ ገበታ ተጋፍተው ነው የታመሙ።»

ከዚያ ሳህኑን ፈተግሁ፣ በብሩሽ ፍቄ፣ ፍቄ፣
የበረኪናውን ልክ እንደ ድሮው ጠንቅቄ፤
ሦስቴ አለቀለቅሁት፣ ሽታው እስኪለቅ፤
ፀሐይ ላይ ደፋሁት፣ ድርቅ እስኪል ድረስ፣ ድርቅ።
የአፉላ ፀሐይ ደግ ናት፣ ደሞዝ አትጠይቅ።

ፍሪዳ ጎረቤቴ፣ ከጆርጂያ የመጣች፣
የድመቷ ነገር ሲነሳ እሳት ትሆናለች።
«እስከ ረፋዱ» አልኳት «ሱልጣንን አቆዪው፤
መብረር ያልጨረሰ ጫጩት ሣሩ ላይ ነው፣ እዪው።»
«ድመት ሰዓት አያውቅም!» ብላ በሩን ዘጋች፤
እኔም ዝም፣ እሷም ዝም፤ ጀምበር ጠለቀች።
በነጋታው ሱልጣን፣ ከመስኮት ተጠግቶ፣
ጢሙን ያወዛውዛል በመስታወቱ ውስጥ፣ ተቆጥቶ።

የፎቁ ኮሚቴ «ለአይጥ መርዝ» ብሎ ወሰነ፤
«አይጧን የምትበላው ጉጉትስ?» አልኩ፤ ስብሰባው ባከነ።
ልጅ ሳለሁ ስትጮኽ፣ ሟርት ናት ሲሉኝ፣ ፈራኋት፤
ዛሬ በዕብራይስጥ፣ በተሰባበረው፣ ጠበቃ ሆንኩላት።
የፈሰሰውን ጥሬ ማታ ማታ ጠረግሁት፤
ሳይጠራ የሚመጣውን አይጥ እራቱን ነፈግሁት።
ከአጥር ሥር ለቀምሁ፣ እግር የሚያስር፣
የፊኛ ቁራጭ፣ ላስቲክ፣ የአሮጌ መረብ ክር።

ኖጋ ወረቀት ቆርጣ መስታወቱ ላይ ለጠፈች፣
ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፤ በአራት ጣት አራራቀች።
«ሰማይ ይመስላቸዋል» አለችኝ «ይሄ ውሸታም መስኮት።»
ስንቱን ውሸታም ሰማይ ገጭቻለሁ በሕይወት!

ሮማኑን ልከረክም መቀስ ይዤ ስወጣ፣
ከቅጠሉ መሃል አንዲት ዓይን፣ ጥቁር፣ በቁጣ።
መቀሱን መለስሁት።
ኦሪት «እናቲቱን ልቀቅ» ይላል፤ አውቀዋለሁ ቃሉን፤
ቀሪውን ሥራ ለእኔ ተወው፤ ብሩሹን፣ ባልዲውን።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ድንቢጥ ከገንዳው አፍ አረፈች፤
ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ሁለቴ ተጎነጨች።
ሦስተኛውን ጠበቅሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ከሮማኑ ጥላ ሥር፣ ባልዲ ላይ ተቀምጬ።
ጠጣች! ቀና አለች፣ ደረቷን ነፋች፣
ጠርዙ ላይ ኩሷን ጥላ ወደ ሜዳው ከነፈች።

ተነሳሁ፤ ጉልበቴ ቋ አለ፤ ብሩሼን አነሳሁ።
አንድ እጅ። ዘጠኝ እጅ። ለካሁ።