ቋሚዋ ሰረዝ

አራልስክ ከተማ፣ ሰባተኛ ክፍል፤
መስኮቱን ጨዋማ አቧራ ይልሰዋል።
መምህር ዬርሜክ ጠመኔውን ይዞ፣
ካረጀው መጽሐፍ አነበበ ተክዞ፦

«ከወደቡ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት
አናውቀውምና ኤክስ ብላችሁ ጥሩት።
ባሕሩ በየዓመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤
ቲ ዓመት ሲያልፍስ ስንት ይሆናል?»

«ሸሸ» ያው መደመር፣ «በየ» ማባዛት ነው፤
ቃል እንዲህ ይፈታል፣ ይኼን ማን ይስተው?
ሰሌዳው ላይ ኤክስ ሲደመር ሁለት ቲ ተጻፈ፤
የሳንዱጋሽ እርሳስ ግን ሲቀነስ ላይ አረፈ።

«ተሳስተሻል፣ ልጄ፤ ሸሸ ነው የሚለው።»
«ገብቶኛል፣ መምህር፤ ቃሉስ እንደዚያ ነው።
አባቴ ግን ዘንድሮ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ፣
ከሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን ተረፈው፤ አጥሮለት መንገድ።
አምናም ተርፎት ነበር።»

ዬርሜክ ገልጦ አየ የኅትመቱን ዘመን፤
እሷም አልተወለደች፣ ግድቡም አልነበረን።
ዞረ ወደ ሰሌዳው፣ ምንም ሳይናገር፤
አውራ ጣቱን ሰደደ ወደዚያ ሲደመር፤
ቋሚዋን ሰረዝ ብቻ ጠረጋት በቀስታ።
አግድሟ ቀረች፣ እንደ ውኃ ተኝታ።