የመርዶ ማግስት

ሦስት ክረምት ሙሉ በማይክሮፎኔ
አልቅሼ ነበረ፤ ጋዜጠኛው እኔ።
«ከሰላ ድንጋይ ሥር ገደል አፉን ከፍቷል፣
የገብሱን ማሳ ግማሹን ውጦታል፣
አፈሩ ሄደ» ስል፣ ድምፄን አወፍሬ፣
ከዜናው ጀርባ ላይ ዋሽንት አስጨምሬ።
ሰው ይሰማል ብዬ፤ ተሰማም መሰለኝ፤
አለቃዬም «ግሩም! ልብ ይነካል» አለኝ።

በአራተኛው ዓመት፣ ሰኔ ሲቃረብ፣
ወረድኩ እንደ ልማዴ እንባ ልሰበስብ።
አገኘሁት ያኔ ሸዋንግዛው ባዩን
በእርምጃ ሲለካ የቀረች ማሳውን።
መቅረጫዬን ሳወጣ በዓይኑ ከለከለኝ፣
ባናውን አጣፍቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«ሬዲዮኔን ዘጋኋት፤ ምን ልትነግረኝ?
የገዛ ገደሌን ልታስተዋውቀኝ?
ማታ ማታ መርዶ፣ ሌሊት ሌሊት መርዶ፣
እጄ ሥራ ፈታ፣ ልቤ ሐዘን ለምዶ።
መርዶ ነጋሪማ ነግሮ ይሄድ የለ?
አካፋ የያዘ ከወዴት ነው ያለ?
ከተራራው ማዶ፣ እነሽታዬ ጋ፣
ጎርፉን ገቱት አሉ፤ በምን? በስንት ዋጋ?
ስንት ሰው ነበረ? ስንት ቀንስ ፈጀ?
ድንጋዩን ማን ፈለጠ? ምሳ ማን አበጀ?
እሱን ይዘህ ና፣ የባትሪ ድንጋይ ልግዛ፤
ለእንባህ ግን አልገዛም፤ እንባ እኔም ጋ በዛ።»

አፈርኩ።

ተሻገርኩ ማዶውን፣ በእግሬ፣ ግማሽ ቀን፤
ሽታዬ አሳየችኝ የድንጋይ ክትሩን።
አላሳመረችም። «አምና ይሄ ፈርሷል፣
በጎኑ ደርድረን ጎርፉ ጠራርጎታል፤
ዘንድሮ በቁመት፣ ጫፉን ወደ አፈር፣
ከግርጌው ጓሳ ሣር፣ ችግኝ ከዳር ከዳር።
ሁለት ሰው ኰርፎ ቀረ። ይሄንንም ቅዳ፤
እኛን የሚሰማ በኛ ስሕተት አይጎዳ።»

ቅዳሜ ማታ ላይ ዋሽንቱን አስቀረሁ፤
የመዶሻን ድምፅ፣ የሽታዬን ሳል አሰማሁ።
አለቃዬ «ደረቅ ነው» አለኝ። ይሁን ደረቅ።
ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣
ዐሥራ አንድ ሰው ወጣ፤ ዐርባ ጠብቄ ነበር።
ሁለቱ ተጣሉ በማሳ ድንበር።

አሁን ነሐሴ ነው።
ገደሉ አልተዘጋም፤ ዛሬም አፉ ሰፊ ነው።
ግን ከአንደኛው ክትር ጀርባ
አንድ ስንዝር ደለል ተኝቷል፣
በደለሉ ላይ ማንም ያልዘራት
አንዲት የገብስ ቡቃያ።
ሸዋንግዛው በጣቱ አሳየኝ፣ ዝም ብሎ።
ከዚያ ጎንበስ እንዳለ
«ድንጋይ አቀብለኝ» አለ።
የባትሪውን መስሎኝ
ኪሴን ዳበስኩ።