የሸሚዙ ትውልድ አገር

ሥራዬ ማኅተም ነው።
አንጺራቤ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ፎቁ ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀው በር ነው።
ሰው አላዋልድም እኔ፤ ሸሚዝ ነው የማዋልደው፤
«ይህ ልብስ የማን አገር ልጅ ነው?» ብዬ ጠይቄ፣
ቅጹን ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ቀለሙን በትንፋሼ አድርቄ
ወደ ባሕር የምሰደው።

ጨርቁ ከቻይና ይመጣል፣ ክሩ ከሞሪሸስ፣ ቁልፉ ከሕንድ፤
የኛ ድርሻ እጅ ነው፤ መብራት ሲኖር ደግሞ የመርፌው መንገድ።
ሕጉ ግን ለድሃ ሲሆን ልቡ ሰፊ ነው፣
«እዚህ ከተሰፋ ይበቃል፣ አባቱን አትጠይቁ» የሚለው።
እናም ሸሚዛችን ቀረጥ የሚሉትን ዘበኛ ሰላም ብሎ ያልፋል፤
የባለጸጋውን ደጅ፣ ደጅ ሳይጠና ይገባል።

ኋላ በዋና ከተማው ወንበር ተገለበጠ፤
ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ማርሽ መታ፣ የሩዝ ዋጋ በማግሥቱ ተለወጠ።
ወራት ቆይቶ ከባሕር ማዶ ደብዳቤ መጣ፣ ሁለት ገጽ፣ ትሕትና የሞላው፤
እስከ ዲሴምበር ማለቂያ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ማንም ዕቃ ነው።
ሳሁንድራ፣ በቀን አራት መቶ ኮሌታ የምትሰፋው፣
ሁለት ጊዜ አስነብባኝ ሰማችው።
«መንግሥቱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።
ቅጼን አገላበጥኩ። ለዚህ ሳጥን የለውም።

ከዚያ በኋላ ሌሊት አልነበረም። ልጆች ካርቶን ውስጥ አደሩ፤
እናቶች መብራት ሲጠፋ ብቻ እግር ዘረጉ፣ ሲመጣ ደግሞ በረሩ።
እኔም አተምኩ። ክንዴ እስኪዝል አተምኩ፤
የአርባ ሺህ ሸሚዝ ልደት በአንድ ሳምንት መዘገብኩ።
ዛፊ ኮንቴይነሩን ይዞ ወረደ፣ ዝናብ የበላውን መንገድ፤
ታማታቭ ደረሰ። መርከቡ ግን ማዕበል ፈርቶ አራት ቀን እምቢ አለ መሄድ።

ዓመቱ ውቅያኖስ ላይ አለቀ።
እኩለ ሌሊት ላይ አርባ ሺው ሸሚዝ ባሕር መካከል ነበር፤
ከኋላው አገሩ፣ ከፊቱ የተቆለፈ በር።
ሲነሳ መብት ያለው ድሃ፣
ሲደርስ
ድሃ።

ሦስት ወር ሳይሞላ ፋብሪካው ተዘጋ። መኪኖቹን ፈትተው ጫኑ፣
መብቱ ገና ወዳልተነሳበት አገር፤
የማን አገር ልጅ እንደሆኑ እነሱን የጠየቀ አልነበር።
ሳሁንድራ ጣቢያው በር ላይ የሩዝ ቂጣ ጠብሳ ትሸጣለች፤
ባቡሩ በሳምንት ሁለቴ ነው፣ እሱም ከመጣ።
ከዓመታት በኋላ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ በሩ ተከፍቷል ይላል።
ማን ይግባ? እሱን አልጻፉም።

ቅዳሜ ገበያ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣ የሰልቫጅ ክምር ሥር፣
አንድ ነጭ ሸሚዝ ገልብጣ ኮሌታውን ስታይ አየኋት፤
ጥፍሯን በስፌቱ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች።
«ይሄ የኔ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።
አንገቱ ላይ የሌላ ሰው ላብ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤
ለካ ደርሶ ኖሯል።
ምስክር ወረቀት የጠየቀው የለም ሲመለስ።
«ስንት?» አለች ነጋዴውን፤
ከዚያም ተከራከረች፣
ሰፊዋ ራሷ፣ ዋጋውን ለመቀነስ።