ተቀብለናል

ከወርቁ ጉልላት ሥር፣ ከምድር ቤቱ ጥግ፣
ደብዳቤ ከፋች ነኝ ለዋና ዐቃቤ ሕግ።
ቀኑን እጽፋለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፤
«ተቀብለናል» ይላል፤ እኔ ምን እላለሁ?

ዋኔታ ክራብትሪ ስትሾም በጥር ወር፣
ጫማዋ ላይ ነበር የሎጋን ጥቁር አፈር፤
የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ሳል አባቷን የቀማት፣
ሹመት ያላሞቃት፣ ስድብ ያላበረዳት።
በሦስተኛው ቀን ወርዳ ስሜን ጠየቀችኝ፤
ከእሷ በፊት የነበሩት «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

ወንዙ ዝገት መስሎ፣ ዓሣው ሆዱን ሲገለብጥ፣
ኩባንያው ዐሥራ አንድ ጠበቃ ሲያስቀምጥ፣
ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ሞልታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች፤
«ጉሮሮ ለደረቀው» ብላ ወደ ወንበሯ ሄደች።
አራት ቀን ተከራከሩ፤ ማንም አልቀመሰው፤
በአምስተኛው ከፈሉ፤ ወንዙም አገኘ ሰው።

ያን ሰሞን ደብዳቤ በጆንያ ነው የመጣ፤
አንዷ ሹራብ ሠርታ፣ አንዱ ከጓሮው ድንች አውጥቶ፣
ልጆች ዓሣ ሥለው፤ ዓሣው ሁሉ ይስቃል።
ሁሉም ላይ መታሁበት፦ ተቀብለናል፣ ተቀብለናል።

ደግሞ በየመጋቢቱ አንድ ስስ ፖስታ ነበረ፣
ከተራራው ወህኒ ቤት፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረ።
ሮስኮ ቴናንት ይባላል። «ያን ሌሊት በሥፍራው የለሁም፤
ምስክሩን ጠይቁልኝ፤ ሌላ አልለምንም።»
መልሷ ሁለት መስመር ነው፣ እኔው ራሴ ያሸግሁት፦
«የግዛቲቱን ፍርድ መጠበቅ ነው የተሾምሁበት።»
ዐሥራ ሰባት መጋቢት። ዐሥራ ሰባት ማኅተም።
እሷ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ ወንበሯን ለቃ ሣጥን ታቅፋ ወረደች፤
ከመደርደሪያው ፊት ቆማ በጣቷ ቆጠረች።
«ኦዴል፣ ዐሥራ ስምንተኛውስ?»
«አልመጣም፣ እመቤቴ።»
የሊፍቱ በር ተከፈተ፣
ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ።

እሷ ከፎቁ ላይ ሕግን ስትጠብቅ፣
እሱም ከወህኒው ውስጥ ሕግን ሲጠብቅ፣
ሃያ ዓመት አለፈ። አሁን ወንዙ ጠርቷል፤
ከድልድዩ ላይ ለቆመ የዓሣው ጥላ ይታያል።
አውራ ጣቴን ባጥበው፣ ባጥበው፣ ቀለሙ አልለቅ ብሏል፤
በመስታወት ቢያዩት፣ ዛሬም «ተቀብለናል» ይላል።